የጎባው ቆርቆሮ፣ ቁጥር አርባ አንድ

ለንግድ ፈቃድ እድሳት ጉርድ ፎቶ ተጠይቄ ከጎባ ወደ ሮቤ የወረድሁት የካቲት ውስጥ ነበር። ጎባም ፎቶ ቤት አለ። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ክርና ዚፕ የምገዛው ሮቤ ስለሆነ ሁለቱን ጉዳይ በአንድ መንገድ ልጨርስ ብዬ ነው። ከመነኸሪያው ብዙ ሳልርቅ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት አገኘሁና ገባሁ። ሦስት ወንዶች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ከፊታችን፣ ነጩ መጋረጃ ሥር፣ ከገጠር የመጡ አንዲት አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

ፎቶ አንሺዋ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ሴት ናት። ለአሮጊቷ በኦሮምኛ ቀስ ብላ አንድ ነገር ነገረቻቸው። ኦሮምኛ እሰማለሁና ገባኝ። ለዚህ ፎቶ ጆሮ መታየት አለበት፣ ሻሹ ትንሽ ወደ ኋላ ይበል ነው የምትላቸው። አሮጊቷ እጃቸውን ወደ ሻሻቸው አነሱና መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። አንዴ እኛን ወንዶቹን አዩን። ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

ሴትዮዋ ካሜራዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወደ እኛ ዞር ብላ፣ «ይቅርታ፣ መብራት ሄደብኝ። እስኪመጣ ውጭ ጠብቁኝ፤ ፀሐይም አለላችሁ» አለች።

ወጣን። በሩን ከኋላችን ዘጋችው። አንደኛው ሰውዬ፣ «ዛሬም ሄደ?» እያለ መብራቱን ያማል። እኔ በሩ አጠገብ ነበር የቆምሁት። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የአምፖሉ ብርሃን ወለሉ ላይ ተኝቶ ይታያል። መብራቱ አልሄደም። ትንሽ ቆይቶ የካሜራው ብልጭታ ሁለት ጊዜ በክፍተቱ ወጣ። ለሰው ክብር ተብሎ የሚነገር ውሸት በላይኛው ቤት እንዴት እንደሚመዘን አላውቅም። እኔ ግን ያን ቀን እዚያ በር ላይ ስለ ቆምሁ አምላኬን አመሰገንሁ።

ተራዬን ስጠብቅ ዓይኔ ወደ ፎቶ ቤቱ መስኮት ሄደ። በመስታወቱ ላይ ከውስጥ በኩል አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ላይ የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ አሥራ አራት ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ሥር ቁጥር አለ። ከላይ በትልቁ በአማርኛም በኦሮምኛም «እነዚህ ማን ናቸው? የሚያውቅ ይንገረኝ» ይላል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፊቶቹ ደብዛዛ ናቸው። አንዱ ፈረስ ይዟል። አንዷ ልጅ ታቅፋለች። ሌላዋ ፊቷ ላይ ነጭ ነገር ያለባት ወጣት ናት።

«ዘመድ ጠፍቶብዎት ነው ጋሼ?» አለኝ ከጎኔ ድምፅ። አጠገቡ ባለው ሱቅ በር ላይ ጣቃ ጨርቅ የምትደረድር ሴት ናት። በኋላ ስሟ ሙሉካ መሆኑን ሰማሁ።

«አይ፣ ማየቴ ነው።»

«ፖሊስ የሚፈልጋቸው መስሎዎት ነበር አይደል? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። አንዱማ ባለፈው ሮጦ መጥቶ፣ 'ይሄ አጎቴ ነው፣ ምን አጠፋ?' ብሎ የፎቶ አንሺዋን ልብ ሊያቆመው ነበር።»

«ታዲያ ምን ናቸው?»

«እሷን ይጠይቋት። ጁሀራ ናት ስሟ። ግን ዓርብ ዕለት እንዳይጠይቋት» አለችና ሳቅ ብላ ወደ ጣቃዋ ተመለሰች።

በሩ ተከፈተ። አሮጊቷ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ትንሿን ፖስታ በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። ተራዬ ደርሶ በርጩማው ላይ ስቀመጥ፣ «መብራቱ መጣ?» አልኋት።

ጁሀራ ካሜራውን ከፊቷ ሳታወርድ፣ «ገና አሁን» አለች። የዚያ ቀን ጉርድ ፎቶዬ ላይ ከንፈሬ ሊስቅ ሲል የተያዘው ለዚያ ነው።

ፎቶው እስኪታተም ስለ መስኮቱ ጠየቅኋት። ስሜን ፖስታው ላይ ልትጽፍ ጀምራ ነበር፤ «ጋሼ ክብሩ፣ ጊዜ አለዎት?» አለች። ነበረኝ። ከዚያም በኋላ ለክር በወረድሁ ቁጥር ጎራ እያልሁ ቀሪውን ሰማሁ። አሁን የምጽፈው በብዙ ቀን የሰማሁትን ነው።

አባቷ አቶ አብዱልመሊክ የድሮ ፎቶ አንሺ ናቸው። ሮቤ ሱቅ ከመክፈታቸው በፊት ካሜራቸውንና ቀለም የተቀባ መጋረጃ ይዘው ባሌን ይዞሩ ነበር። ወደ ዲንሾ ወጥተው፣ ወደ ጎባ ተሻግረው፣ ሕዝቡ ለዝያራ ወደ ቅዱሱ ስፍራ ሲጎርፍ ሼክ ሁሴን ድረስ ወርደው ሰው ያነሱ ነበር። ኔጋቲቩን በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀምጣሉ። በቀን ወይም በስም አልነበረም የሚለዩት። አንዱ ቆርቆሮ ላይ ዲንሾ፣ አንዱ ላይ ጎባ፣ ሌሎቹ ላይ ሼክ ሁሴን ተብሎ ተጽፏል። ጁሀራ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ አባቷ ሱቅ ገባች። ጨለማ ክፍሉን ከእሳቸው ተማረች። ኮምፒውተሩን ግን ማንም አላስተማራትም። እየነካካች፣ እያበላሸች፣ ስልክ ላይ ቪዲዮ እያየች ነው የለመደችው። እኔም ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ ንባቡን ብቻዬን የገፋሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ይህን ስትነግረኝ ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁ።

ከዓመታት በፊት አንድ ክረምት ቆርቆሮዎቹን ሲከፍቱ ኔጋቲቩ ሻግቶ አገኙት። የእኛ አገር ብርድና እርጥበት ጨርቅም አይምርም። ጁሀራ ስካነር አዘዘችና ሁሉንም እየጠረገች ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ያዘች። ከሁሉ የባሰበት የጎባው ቆርቆሮ ስለነበር እሱን አስቀደመች። ስልሳ ሦስት ፎቶ ነው ያለው። በጥቅምት 2010 ነበር። የእሷ ስካነር ገና ስላልደረሰ አንድ ጓደኛዋ ቢሮ ሄዳ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ሠራችውና በፍላሽ አመጣችው። ፍላሹ የታመመ ኖሯል። ቤቷ መጥታ ስትከፍተው ፎቶዎቹ ከላይ ትንሽ ይታዩና የቀረው ግራጫ ነው። ደግነቱ ኔጋቲቩ ገና ነበር። በታኅሣሥ የራሷ ስካነር ሲመጣ ስልሳ ሦስቱንም በራሷ ኮምፒውተር እንደ ገና ሠራችው። ያማረ ሆነ። የተበላሹትን ግን ከፍላሹ አላጠፋቻቸውም።

«ለምን?» አልኋት።

«እንጃ። አባቴ ምንም ነገር አይጥልም፤ ከእሱ ተምሬ ይሆናል።»

ከዚያ ሁሉም ቆርቆሮ አልቆ ኮምፒውተር ገባ። ኔጋቲቩ እየተፈረፈረ፣ ሽታውም ቤቱን እየያዘ ሄደ። ጁሀራ አባቷን፣ «አባ፣ አሁን ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ፤ ይሄን እንጣለው» አለች። እሳቸው ሦስት ቀን ቆርቆሮዎቹን እየከፈቱ ሲያዩ ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን ራሳቸው ተሸክመው አውጥተው ጣሉት።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንመጣለን። እንዲህ ያለ ጥፋት የሚያጠፋው ምናልባት የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው። ሮቤ ውስጥ ሰው ፎቶ ሊያሳትም ሲመጣ፣ «ኅዳር ላይ የተነሳሁት» ነው የሚለው። ጁሀራ የፈረንጁን ቀን እየመነዘረች መፈለግ ሰለቻት። ስለዚህ የሱቋን ኮምፒውተር ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ሞላችው። አንደኛ ወር መስከረም፣ ሁለተኛ ወር ጥቅምት፣ ዓመቱም የእኛው 2010። ኮምፒውተሩ ግን ሁለተኛ ወር ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ነው ብሎ ስለሚያምን ጥቅምት ሃያ ዘጠኝንና ሠላሳን አያውቃቸውም። ወር ባለቀ ቁጥር በእጇ ታስተካክለው ነበር።

«ጳጉሜንስ?»

«ጳጉሜን ምን ላድርጋት! አምስቱን ቀን ነሐሴ ላይ አቆመዋለሁ። አዲስ ዓመት ሲገባ እለቀዋለሁ» አለችና ራሷም ሳቀች። «ደንበኛ ግን በደቂቃ ነበር ፎቶውን የማገኝለት።»

ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ ኮምፒውተር ገዛች። ከአሮጌው ኮምፒውተር፣ ከሃርድ ዲስኩ፣ ከየፍላሹ ያላትን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሰበሰበች። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች ሲገናኙ አዲሱን አስቀር፣ አሮጌውን አጥፋ ብላ አዘዘችው። ጥሩ ትእዛዝ ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማዝዘው። ኮምፒውተሩም በታማኝነት ፈጸመው። በጓደኛዋ ቢሮ የተሠሩት የተበላሹት ፎቶዎች በፈረንጅ ቀን 2017 ይላሉ። በራሷ ሱቅ ከሁለት ወር በኋላ የተሠሩት ደህናዎቹ ደግሞ 2010 ይላሉ። ስለዚህ ደህናዎቹ የሰባት ዓመት አሮጌ ሆነው ተቆጠሩ። ስልሳ ሦስቱም ጠፉ፤ በቦታቸው የተበላሹት ገቡ።

ይህንንም ቶሎ አላወቀችም። እዚህ ላይ ነው የነገሩ ረቂቅነት። ፎቶ ሲሠራ በፋይሉ ውስጥ ከትልቁ ፎቶ ፊት ትንሽ ምስል አብሮ ይቀመጣል። ፎልደሩን ስንከፍት የምናያት እሷን ነው። ትልቁ ተበላሽቶ ትንሿ ደህና ልትሆን ትችላለች። ጁሀራ ፎልደሩን በከፈተች ቁጥር ስልሳ ሦስት ጤነኛ ፊቶች ይታዩአት ነበር። አንድ ቀን አንዷን ልታሳትም ስትከፍታት ሰማይና የቤት ክዳን ብቻ አገኘች። ሌላውን ከፈተች፣ እንደዚያው። ሌላውን፣ እንደዚያው።

«ያን ቀን ሱቁን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ» አለችኝ።

አቶ አብዱልመሊክ ዓርብ ዓርብ ከጁመዓ ሶላት በኋላ ሱቋ ይመጣሉ። ዓይናቸው እየደከመ ነው። ስክሪኑ ላይ ተጠግተው ፎቶዎቻቸውን በተራ ያያሉ፤ በአንድ ዓርብ ሃያ። ስለ እያንዳንዱ ሰው ይናገራሉ። ያኔ ዲንሾን ጨርሰው ሼክ ሁሴን ላይ ነበሩ። ከዚያ የሚቀጥለው ጎባ ነው። ጁሀራ እንጣለው ብላ ያስጣለቻቸው ኔጋቲቭ፣ እዚህ ውስጥ አለ ያለቻቸው ፎቶ ማለት ነው። አባቷ ጎባ ሳይደርሱ ስልሳ ሦስቱን ፎቶዎች መልሳ ማግኘት አለባት። ስትነግረኝ ስምንት ዓርብ ቀርቷት ነበር።

መጀመሪያ የተበላሸውን ከደህናው ለየች። ትንሿን ምስል ማመን ትታ በሺህ የሚቆጠሩትን ፎቶዎች አንድ በአንድ ከፈተች። ከጎባው በቀር ሌላው ደህና ነበር፤ አልሐምዱሊላህ አለች። ከዚያ የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም የአሮጌውን ኮምፒውተር ዲስክ አስፈተሸች። ዘጠኝ ተረፉ። ሃምሳ አራት ቀሩ። ለእነዚህ የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው። አባቷ ያኔ አትመው ለባለቤቶቹ የሰጧቸው ወረቀቶች የሆነ ቤት ግድግዳ ላይ፣ የሆነ ሻንጣ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ግን የማን ቤት? ባለፎቶዎቹን አታውቃቸውም። ያላት የክብሪት ቀፎ የምታክል መልክ ናት። ስለዚህ መስኮቱ ላይ ለጠፈቻቸው። እኔ መጀመሪያ ባየሁበት ቀን አርባው ተገኝተው አሥራ አራት ቀርተው ነበር። ሐሙስ ማታ ታነሳዋለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ትመልሰዋለች።

ሰው ቆሞ ያያል። «ኤኙዳ? ማን ነው ይሄ?» ይባባላል። ባለ ፈረሱን ሰውዬ ሁለት ቤተሰብ የእኛ ነው አሉ። አንዱ ቤተሰብ በአፍንጫው ማለ፤ ሌላው በፈረሱ ማለ። ወረቀቱ የተገኘው ፈረሱን ባወቁት ዘንድ ነው። አንድ ቤት ደግሞ ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ብሎ፣ የቤቱ እመቤትም ከግድግዳው አይወርድም ስላሉ፣ ጁሀራ ጫማዋን አውልቃ አልጋ ላይ ቆማ በካሜራ አነሳችው። ከታች አራት ሰው እግሯን ይዟል። ስትወርድ በልተሽ ካልሄድሽ ብለው በር ዘጉባት። «አንዱን ፋይል ለመተካት ሦስት ቤት እበላለሁ» ትላለች። «ኮምፒውተሩ አንድ ምስል ያገኛል፤ እኔ አንድ ኪሎ።»

የምታመጣውን ምስል ታጸዳለች፤ ልኩን ታስተካክላለች። በተበላሸው ፋይል ቦታ፣ በዚያው ቁጥር ታስገባዋለች። ከመተካቷ በፊት ግን የተበላሸውን ሌላ ፎልደር ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ኮምፒውተሩም አሁን በፈረንጅ ቀን ነው የሚቆጥረው። «ጥቅምት ሃያ ዘጠኝን መልሼ አገኘሁ» አለችኝ።

ሚያዝያ ሲጋመስ መስኮቱ ላይ አንድ ፎቶ ብቻ ቀረች። ቁጥር አርባ አንድ። ፊቷ ላይ ነጭ ነገር ያለባት ወጣት። የሚያውቃት ጠፋ። ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች። በመስኮቱ ካሉት ሁሉ የምትስቅ እሷ ብቻ ስለነበረች ባለፍሁ ቁጥር አያታለሁ። በጎባ መንገድም ሳልፍ የአረጋውያንን ፊት ማየት ልማድ ሆነብኝ።

ያን ሰሞን አንድ ዓርብ ሮቤ ዋልሁ። ዚፕ ገዝቼ ሰላም ልበላት ብዬ ስገባ አቶ አብዱልመሊክ ስክሪኑ ፊት ተቀምጠዋል። ሙሉካም በሩን ተደግፋ ቆማለች። ሽማግሌው ቀጭን ሰው ናቸው፤ ነጭ ቆብ አድርገዋል። «አካም ኦልተን» ብዬ እንዴት ዋሉ አልኋቸው፤ ደስ ብሏቸው እጄን ያዙኝ።

«ከየት ነህ?»

«ከጎባ ነኝ አባባ።»

«ከጎባ!» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ታዲያ የጎባ እንግዳ መጥቶ ሼክ ሁሴንን ምን እናደርጋለን? ጎባን አምጪለት።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ጁሀራ እኔን አየችኝ፤ አልተቆጣችም፤ ግን አየችኝ።

«አባ፣ ሼክ ሁሴን ገና አላለቀም እኮ።»

«ሼክ ሁሴን የትም አይሄድም።»

«መብራቱም ይንቀጠቀጣል። ሊሄድ ነው መሰለኝ።»

«እዚህ ቤት መብራት የሚሄደው አንቺ ስትፈልጊ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ክፈቺው ኢንተላ ኮ፣ የእኔ ልጅ።»

ሙሉካ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጁሀራ የጎባውን ፎልደር ከፈተች። የመጀመሪያው ባለ ፈረሱ ሰውዬ ነው። አቶ አብዱልመሊክ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉ። የሰውዬውን ስም ይጠራሉ ብዬ ስጠብቅ ጣታቸውን ጥጉ ላይ አደረጉ።

«ይሄ ጥቁር ነጥብ ምንድነው?»

«የቱ አባ?»

«ሚስማር ነው። ኔጋቲቭ ደግሞ መቼ ሚስማር ኖሮት ያውቃል? ይሄ ከግድግዳ የወረደ ነው። ቀጥዪ።» ቀጠለች። «ይሄኛው ታጥፎ ኪስ ውስጥ የኖረ ነው፤ መሐሉን እዪው። ቀጥዪ። ይሄን ደግሞ በረሮ ቀምሶታል።» ከዚያ ፊታቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ፣ «አሁን አርባ አንድን ክፈቺ» አሉ።

ጁሀራ ወደ አባቷ ዞረች።

«አርባ አንድን?»

«መስኮቱ ላይ እሷ ብቻ አይደለች የቀረችው? ሐሙስ ማታ ታነሺዋለሽ፤ ይሁን። እኔ ዓርብ ብቻ የምኖር መሰለሽ? ሰኞም ማክሰኞም በዚህ አልፋለሁ እኮ።»

«ነግሬሻለሁ!» አለች ሙሉካ ከበሩ። «እኔ ነግሬሻለሁ፣ አይታወቅም እንዳትዪ ብዬሻለሁ!»

«አንቺ ዝም በይ» አለቻት ጁሀራ። አርባ አንድን ከፈተች። ከላይ ሰማይ፣ ከዚያ የቆርቆሮ ክዳን ጫፍ፣ ከዚያ የጠጉር ጫፍ ታየ። ከዚያ በታች ግራጫ ነው። ሁላችንም ግራጫውን አየን።

«ያጠፋኋት እኔ ነኝ አባ» አለች። «ስልሳ ሦስቱንም። ኔጋቲቩን እንጣለው ያልሁህም እኔ ነኝ።»

«ኔጋቲቩን ሻጋታ ነው የበላው፤ እኔ አላየሁም? ይልቅ እኔን የከፋኝ ሌላ ነው። ሮቤ ውስጥ እነዚህን ሰዎች ሁሉ በስም የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። መንገደኛውን ሁሉ ትጠይቂያለሽ፤ እሱን አልጠየቅሽም። ትጠይቀኛለች ብዬ ሁለት ወር ጠበቅሁ።»

«ፈራሁ።»

«እንደ ፈራሽ አይቻለሁ።» ከዚያ ወደ ባለ ፈረሱ እንድትመልሳቸው በእጃቸው ምልክት ሰጧት፤ መለሰችላቸው። «ሰው አነሳለሁ፣ ወረቀቱን እሰጣለሁ፣ እሄዳለሁ። ከዚያ ይስቀሉት፣ ይቅደዱት፣ አላውቅም ነበር። ይኸው ሰቅለውት ኖሯል። በሚስማሩ አወቅሁ። አንቺ ባታጠፊው ኖሮ ይሄን ሚስማር መቼ አየው ነበር?»

ጁሀራ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔም የዚፕ ጥቅሌን ለምን እንደምፈታና እንደማስር ሳላውቅ ስፈታና ሳስር ነበር።

«አርባ አንድ ማን ናት አባባ?» አልኋቸው መጨረሻ ላይ። ሁለት ወር የያዘኝ ጥያቄ ነው፤ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልሁም።

«እሷማ የመጀመሪያዬ ናት» አሉ። «ካሜራዬ አዲስ ነው፤ ጎባ ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ። ገና ልጅ ስለሆንሁ ማንም የሚነሳልኝ ጠፋ። ይህች ልጅ ከወፍጮ ቤቱ ወጣች። 'እኔን አንሳኝ' አለችኝ። ፊትሽ ላይ ዱቄት አለ፣ ጥረጊው ብላት፣ 'ዱቄቱም ይነሳ፤ የእኔው ነው' ብላ ሳቀች። አነሳኋት። ከእሷ በኋላ እስከ ማታ ሰልፍ ነው የዋለው።» እጃቸውን ግራጫው ወደ ነበረበት ቦታ ዘረጉ። «አሁን መነኩሴ ናት። እማሆይ እኅተማርያም ይሏታል። የዛሬ አሥር ዓመት ጎባ መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ 'ያን ዱቄቴን የት አደረስኸው?' አለችኝ። ዓይኔ ሳይብስ ይህችን አንድ ጊዜ ባያት ደስ ይለኛል። ሌላው ደህና ነው።»

እኔ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። እማሆይ እኅተማርያምን አውቃቸዋለሁ። ከቤተ ክርስቲያናችን በምዕራብ በኩል ካለው ዛፍ ሥር የሚቀመጡ፣ ከቅዳሴ በኋላ የሁላችንን እጅ ይዘው የሚመርቁን እናት ናቸው። ቆባቸውን ሁለት ጊዜ የሰፋሁላቸው እኔ ነኝ። ለክቼ፣ ቀድጄ፣ መልሼ ሰፍቼ፣ ከዚያ ቆብ ሥር ያለው ፊት አንድ ጊዜ ከወፍጮ ቤት በዱቄት ወጥቶ የሳቀ መሆኑን አንድም ቀን አላሰብሁም። መስኮቱ ላይ ሁለት ወር ሙሉ ሳያት ነበር። እሁድ እሁድም ሳያቸው ነበር።

ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው፣ «አላህ ነው ያመጣህ» አሉ። ሙሉካ ደግሞ፣ «ዚፕ ነው ያመጣቸው» አለች፤ ሁላችንም ሳቅን።

ለመሄድ ስነሳ ጁሀራ ሱቋን ለሙሉካ አደራ ብላ እስከ መነኸሪያው ሸኘችኝ። የጎባው ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል። ረዳቱ ይጣራል። እግሬን ደረጃው ላይ ሳደርግ ክንዴን ያዘችኝ።

«ጋሼ ክብሩ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እኔ ቤተ ክርስቲያናችሁ ግቢ ገብቼ መነኩሴ ልጠይቅ አልደፍርም፤ ሰውም ምን ፈለገች ይላል። እርስዎ እሁድ ይጠይቁልኝ። ፎቶዋ ካለቻቸው ለእኔ መስጠት የለባቸውም፤ ከእሳቸው አትለይ። እኔ ከበሩ ውጭ እቆማለሁ፤ እሳቸው ይዘዋት ይውጡ፤ እዚያው ከእጃቸው ላይ በካሜራ አነሳታለሁ።»

«ከሌለቻቸውስ?» አልኋት። «መነኩሴ እኮ የዓለሙን ነገር ትቶ ነው የሚገባው ጁሀራ። የልጅነት ፎቶ አስቀምጠው ላይሆን ይችላል።»

ከኋላዬ ረዳቱ፣ «አባት፣ ይግቡ፣ ሞላ!» ይላል።

«ከሌለቻቸው፣» አለች፣ «አሁን ያላቸውን ፊት እንዳነሳ ይለምኑልኝ። ቁጥር አርባ አንድ ላይ እሱን አስገባዋለሁ። አባቴ ዓይኑ ደክሟል እንጂ ያን ሳቅ አይስተውም። እባክዎ፣ ይለምኑልኝ።»